ድንጋይ ያስዋሸው አቶ አስማረ

አቶ አስማረ መሞቱን የሰማሁት አንሶላ እያሰጣሁ ነው። የግንቡ ዘበኛ ጋሽ ውበቱ ከበሩ ወዲህ ቀስ እያለ መጣና ኮፍያውን አውልቆ፣ «ይታይሽ፣ አለቃችን አዲስ አበባ ወንድሙ ቤት ትናንት አረፈ አሉ። ኩላሊቱ ነው» አለኝ። የልብስ መቆንጠጫ በጥርሴ እንደያዝኩ ቆምኩ። «ነፍስ ይማር» ማለት ነበረብኝ። መቆንጠጫውን አውጥቼ አንሶላው ላይ ካደረግሁ በኋላ አልኩት፤ ያውም ለጋሽ ውበቱ ስል።

በሕይወት ሳለ «እርስዎ» ስለው ኖሬያለሁ፤ አለቃዬ ነበርና። አሁን «እሱ» ልበለው። ልቅሶው ላይ ሰዎች ደግ፣ ታሪክ አዋቂ፣ እንግዳ አክባሪ ሲሉት ሰማሁ። አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ። እኔም ቢሆን እስክሞት አልረሳውም፤ የማልረሳው ግን ስለ ደግነቱ አይደለም።

ግንቡ ከደብረ ማርቆስ ወደ አምበር ሲኬድ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ኮረብታ ላይ ነው። ድሮ የአንድ ፊታውራሪ ግቢ ነበር። በኋላ የገበሬ ማኅበር ማዳበሪያ ማስቀመጫ ሆነ፣ ከዚያም የእርግብና የሌሊት ወፍ ቤት። በመጨረሻ አዲስ አበባ የሚኖር አንድ ባለሀብት አሳድሶ የእንግዳ ማረፊያ አደረገው። ባለሀብቱ በዓመት አንዴ ብቅ ቢል ነው። ቤቱን የሚያስተዳድረው የሚስቱ አጎት አቶ አስማረ ነበር። ከዚያ በፊት ከተማ ውስጥ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ሻጭ ነበር። እኔ ክፍሎቹን አጸዳለሁ፣ አንሶላ አጥባለሁ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ለአንሶላ ይበቃል።

አቶ አስማረ በሙሉ ልብሱ ላይ ነጭ ጋቢ ጣል አድርጎ፣ አንድ ትልቅ የብረት ቁልፍ በሌባ ጣቱ እያሽከረከረ ነበር የሚሄደው። ያ ቁልፍ አንድም በር አይከፍትም። በሮቹ አዲስ ናቸው፤ የየራሳቸው ቁልፍ አላቸው። ትልቁን ከደብረ ማርቆስ ገበያ፣ ከአሮጌ ብረት ሻጭ ሲገዛው እኔ አጠገቡ ሳሙና ይዤለት ቆሜ ነበር። በሦስተኛው ቀን ለእንግዶች «ይህ የፊታውራሪው እጅ የነካው ቁልፍ ነው» ሲል ሰማሁት። አንዲት ሴት ተሳለመችው።

ከእኛ ጋር ሲያወራ እንደ እኛው ነው። እንግዳ ሲመጣ ግን ድምፁ ይለወጣል፤ የሬዲዮ ዜና አንባቢ ይሆናል። «ድንጋይ ይናገራል» ይላል፣ መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳርፎ ዓይኑን እየጨፈነ። «እኔ አስተርጓሚው ብቻ ነኝ።» ከዚያ ይተረጉማል። ፊታውራሪው ለአንዲት ሴት ፍቅር ሲል ሰባት ዓመት ድንጋይ አስጠረበ። ጨረቃ ስትወጣ ከአልጋዋ ሆና እንድታያት ላይኛውን ክፍል ሠራላት። እዚህ ያደረ ባልና ሚስት አይለያይም።

እኛ የዚያው አገር ሰዎች ነን። የአባቴ አያት ድንጋዩን በጀርባቸው ተሸክመዋል፤ በፍቅር አልነበረም። ላይኛው ክፍል የግብር ማርና ቅቤ የሚቀመጥበት፣ ታችኛው ግብር ያጎደለ የሚታሰርበት ነበር። ሴትዮዋም ሁለት ጊዜ አምልጣ ዲማ ድረስ ሄዳ ዘመዶቿ ዘንድ ተደብቃለች፤ ይህን የሚያወሩ ሽማግሌዎች ዛሬም አሉ። አንድ ቀን ብነግረው ሳቀብኝ።

«አይ ይታይሽ! ለጫጉላ የመጣን ሰው ስለ እስር ቤት ልንገረው?»

«ዝም ማለትም ይቻላል እኮ።»

«ዝም ያለ ግንብ ውስጥ ማን ያድራል!»

ላይኛውን ክፍል የሙሽሮች አደረገው። አልጋው ላይ የጽጌረዳ ቅጠል በልብ ቅርጽ ይደረድራል። ይህን ሥራ ለማንም አይሰጥም፤ ክር ለክቶ፣ ምላሱን አውጥቶ፣ እንደ ልጅ ተንበርክኮ ራሱ ነው የሚሠራው። ግቢው ውስጥ ያለው ጽጌረዳ ሁለት ቁጥቋጦ ብቻ ስለሆነ ግን ሙሽሮቹ ሲሄዱ ቅጠሉን አንድ በአንድ ከአንሶላው አስለቅሞኝ፣ ውሃ ረጭቶ በሰፌድ ያስቀምጠዋል። አንድ ልብ ለሦስት ሙሽሪት ይበቃል። ፎጣውን ደግሞ አጣጥፎ ዝይ ያደርገዋል። ዝይ የሚለው እሱ ነው፤ እኔ አንገቷ የተጠመዘዘ ዶሮ ነበር የምትመስለኝ።

እስከዚህ ድረስ ቢሆን ስቄ ባለፍኩ። ቀልድ የማላውቅ ሴት አይደለሁም። የቀረው ግን አያስቅም።

ያ ላይኛው ክፍል በድሮው አሠራሩ ከጣራው ሥር በአራቱም ማዕዘን ክንድ የሚያስገባ ቀዳዳ ነበረው። ሲታደስ እርግቦች በዚያ እየገቡ አልጋው ላይ ቆሻሻ ጣሉበት። አቶ አስማረ አራቱንም በሲሚንቶ ይደፈን አለ። ግንበኛው ሸምገል ያለ ሰው ነበር፤ «ጌታዬ፣ ይህ የቤቱ መተንፈሻ ነው፤ አይደፈንም» አለው። አቶ አስማረ ምን ቢመልስ ጥሩ ነው? «ቤት አፍንጫ የለውም!» ሲሚንቶ ሲሸጥ የኖረ ሰው፣ ቀዳዳ ካየ መድፈን ነው የሚያውቀው። መስኮቱንም የማይከፈት አደረገው፤ ከአዲስ አበባ ባስመጣው ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ መስታወት ገጠመው። በሩን ከወፍራም ዋንዛ አሠራና ከውስጥ የብረት መቀርቀሪያ አበጀለት። በሩ ሲዘጋ ክፍሉ የታሸገ ጠርሙስ ነው።

ደብረ ማርቆስ ደግሞ ብርድ ነው፤ የድንጋይ ቤት ብርዱ በቀንም አይለቅም። ስለዚህ ከሰል ማንደጃ አስገባበት። «የፍቅር እሳት» ብሎ ስም አወጣለት።

እኔ ከሰል እፈራለሁ። እቤቴ ከሰል ደጅ ላይ ፍም ሆኖ አመድ ካልለበሰ ደፍ አይሻገርም፤ ከገባም በር ገርበብ ይላል። ልጆቼ «እማዬና በሯ» እያሉ ይስቁብኛል። ሰፈራችን ውስጥ አንድ ተከራይ ተማሪ ለብርድ ብሎ ከሰል አስገብቶ በሩን እንደዘጋ ቀርቷል፤ ሬሳው ሲወጣ አይቻለሁ። ይህን ለአቶ አስማረ ነገርኩት።

«የተማሪው ቤት ምንድን ነው?» አለኝ።

«ጭቃ።»

«አየሽ? ይሄ ግንብ ነው።»

ከሰል ጭቃና ድንጋይ ለይቶ የሚገድል ይመስል! ከዚያ ወዲህ ሙሽሮች በገቡ ቁጥር አንድ ሰበብ ፈጥሬ አንኳኳለሁ። ፎጣ ረሳሁ፤ ውሃ ላምጣ፤ አመዱን ልጥረግ። ማንደጃውን ይዤ እወጣለሁ። እሱ ካየኝ ይመልሰዋል፤ እኔ እንደገና አወጣዋለሁ። «የጫጉላ በር አይንኳኳም ይታይሽ! የት ነው ያደግሽው?» እያለ ሰው ፊት ያሳፍረኛል። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ።

ከዚያ ልጄ መሠረት አገባች። ባሏ ታደለ ደምበጫ ከተማ ውስጥ አስተማሪ ነው፤ ልጄን የሚያከብር ዝምተኛ ልጅ ነው። የሥራ ባልደረቦቹ ተሰባስበው ለሠርጉ ስጦታ ሰጡት። ምን? ግንቡ ላይኛው ክፍል ሁለት ቀን! ልጄ ደስታዋን ልነግራችሁ አልችልም። እናቷ የምታጥበው አንሶላ ላይ እንደ እንግዳ ልትተኛ ነው። አይሆንም ለማለት አፍ አጣሁ። ይልቅ አቶ አስማረ ዘንድ ሄጄ እንደ ደጅ ጠኚ ቆምኩ።

«አቶ አስማረ፣ አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። ለልጄ ከሰል አያስገቡባት።»

ቁልፉን ማሽከርከሩን አቆመ። እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ፣ «መድኃኔዓለምን፣ አንድ ፍም አይገባም» አለኝ። አመንኩት። በሌላ ነገር ሁሉ ዋሾ መሆኑን እያወቅሁ ይህን አመንኩት። በእሱ የምበሳጨውን ያህል በራሴም የምበሳጨው በዚህ ነው።

ሠርጉ ጥር ላይ ሆነ። በማግስቱ ሙሽሮቹ ከቀትር በፊት ግንቡ ገቡ። እኔ ፈቃድ ወስጄ ቤቴ የመልስ ድግስ ላይ ነኝ፤ ሽንኩርት እየላጥን ቤቱ ሴት ሞልቷል። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ስልኬ ጮኸ። አቶ አስማረ ነው። ድምፁ የሬዲዮው ነው።

«እንኳን ደስ ያለሽ የሙሽራ እናት! ልጅሽን እንደ ንግሥት አስተኝቻታለሁ። ሌሊቱን ሲጨፍሩ ስላደሩ ደክሟቸዋል። ክፍሉ ቀዝቀዝ ሲላቸው ጊዜ ሁለት ማንደጃ አስገባሁላቸው። ለሌላው አንድ ነው፤ ለግንቡ ልጅ ሁለት!»

«መቼ?»

«ቆይቷል። እንዴት ያለ እንቅልፍ እንደያዛቸው ብታይ፣ ድምፃቸውም አይሰማ!»

ቢላውን ጥዬ ተነሳሁ። ታላቅ እህቴ ጥሩነሽ በሩ ላይ ቀሚሴን ያዘችኝ።

«ወዴት ነው?»

«ግንቡ።»

«የሙሽራ እናት ጫጉላ ቤት? አብደሻል! አማቶችሽ ምን ይላሉ? ሳይውል ሳያድር ልጇን ልትመልስ መጣች ነው የሚሉሽ! እንደ እኔ ስድስት ልጅ ድረሽ ብታውቂ ኖሮ…»

«ልቀቂኝ።»

«ነውር ነው ይታይሽ!»

ቀሚሴ እጇ ላይ ቀደድ አለ፤ ለቀቀችኝ። ሴቶቹ ከኋላዬ ሲንሾካሾኩ ይሰማኛል። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ የመሠረትን ስልክ ደወልኩ። ይጠራል፤ አይነሳም። የታደለን ደወልኩ፤ አይነሳም። ሾፌሩ በመስታወት አየኝና፣ «እናቴ፣ ሙሽሮች ስልክ ያነሳሉ እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ፊቴን ሲያይ ሳቁን ዋጠና ነዳው።

አቶ አስማረ ደረጃው ሥር አገኘኝ። እጆቹን ዘርግቶ መንገዱን ዘጋው።

«ይታይሽ! ምን ሆንሽ? እንግዶች አሉ እኮ!»

«መንገዱን ይልቀቁልኝ። ልጄን ልያት።»

«ተኝተዋል አልኩሽ። ወጣቶች ናቸው፤ ቢተኙም ባይተኙም…» ዓይኑን ጠቀሰኝ። በዚያ ሰዓት ዓይኑን ጠቀሰኝ!

ገፍትሬው ወጣሁ። በሩን መታሁት። «መሠረት! መሲ!» ዝም። በጡጫ፣ በእግሬ መታሁት። ዋንዛው ንቅንቅ አይልም። ጆሮዬን ለጠፍኩ፤ ምንም። አቶ አስማረ ከኋላዬ ቆሞ «ኧረ አሰደብሽን» ይላል። በሩ አጠገብ ያ ባለ ቀለም መስኮት አለ። ከደረጃው ጥግ የላላ ድንጋይ ነቅዬ አነሳሁ።

ያን ጊዜ ነው የጮኸው። ልጄ ውስጥ ናት፣ ባሏ ውስጥ ነው፣ እሱ ግን በሁለት እጁ ራሱን ይዞ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ?

«መስታወቱን! ኧረ መስታወቱን! ከአዲስ አበባ የመጣ ነው!»

ሰበርኩት። ሞቃት አየር ፊቴን መታኝ፤ ራሴን አዞረኝ። ክንዴን በስብርባሪው መሃል አስገብቼ መቀርቀሪያውን ዳበስኩ፣ ሳብኩት። ደሜ በበሩ ላይ ይወርዳል፤ ያየሁት በኋላ ነው። ታደለ ወለሉ ላይ በግንባሩ ተደፍቷል፤ ወደ በሩ ሊመጣ ተነስቶ ኖሯል። መሠረት አልጋው ላይ ናት፤ ያ የጽጌረዳ ልብ ሥሯ ተጨፍልቋል። ጩኸቱን ሰምተው የወጡት የባጃጁ ሾፌርና ጋሽ ውበቱ ታደለን ጎተቱት። እኔ ልጄን በብብቷ ይዤ ደጅ አወጣኋት፤ እንዴት እንደቻልኩ አላውቅም። ነፋስ ላይ አጋደምኳት። ፊቷን መታሁት። ትንሽ ቆይታ አስመለሳት፣ ዓይኗን ገለጠች፣ አየችኝ።

«እማዬ» አለች። «እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ነውር አይደል?»

ከዚያ በኋላ ነው ማልቀስ የቻልኩት።

አቶ አስማረ? አቶ አስማረ ተንበርክኮ ስብርባሪውን በጋቢው ጫፍ ይለቅም ነበር። ቀዩን ለብቻ፣ ቢጫውን ለብቻ።

ጤና ጣቢያ ድረስ ተከትሎን መጣ። ብርቱካን ይዟል። ነርሷ ሁለቱም ደህና እንደሚሆኑ ነገረችን፤ የኔንም ክንድ ሰፋች። እሱ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ፤ ቁልፉም አልነበረም በእጁ። ተጸጸተ መሰለኝ። ልቤ እንኳ ትንሽ ራራ። ከዚያ ወደ ነርሷ ጠጋ ብሎ በዝግታ ጠየቃት፦ «ለመሞት ስንት ደቂቃ ነበር የቀራቸው?»

«ምን ይታወቃል? ምናልባት ሩብ ሰዓት» አለችው።

ራሱን ነቀነቀ፤ ሩብ ሰዓት፣ ሩብ ሰዓት እያለ በከንፈሩ ደጋገመው። አሳዘነኝ። ለካ በቃሉ እየያዘው ኖሯል።

ልጄም ባሏም ዳኑ። መልሱ በሳምንት ተራዝሞ ተደገሰ። ወደ ሥራ ስመለስ ጥሩነሽ «እዚያ ቤት ዳግመኛ ትረግጫለሽ?» አለችኝ። እኔ ከቀረሁ ቀጣዩን በር ማን ያንኳኳል? ይህን አልነገርኳትም፤ «ሥራ ነው» ብያት ሄድኩ።

በወሩ ገደማ ፎጣ ይዤ ወደ ላይ ስወጣ ያ የሬዲዮ ድምፅ ሰማሁ። አዲስ ሙሽሮች ክፍሉ ውስጥ ቆመዋል። አቶ አስማረ በተሰበረው መስኮት አጠገብ መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳርፏል።

«በዚህ ክፍል፣ በዚህ አልጋ ላይ፣ ሁለት ሙሽሮች በፍቅር ብዛት ራሳቸውን ስተው ወደቁ። ለሞት ሩብ ሰዓት ብቻ ቀርቷቸው ነበር። የእናት ልብ ግን በሩቅ ሰማ! እናት ደርሳ ይህን መስታወት በባዶ እጇ ሰብራ…»

ፎጣው ከእጄ ወደቀ። «ከሰል ነው!» አልኩ። «ልጄ ናት። ፍቅር አይደለም፣ ከሰል ነው!»

ይደነግጣል ብዬ ነበር። እሱ ግን ፊቱ በራ። «እናቷ ራሷ መጣች!» አለ። «ይታይሽ፣ እጅጌሽን ሰብስቢና ጠባሳውን አሳዪያቸው!» ሙሽሪት እጄን ይዛ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሙሽራው ስልኩን አውጥቶ ክንዴን ፎቶ አነሳው። ከሰል ያልኩትን ማንም አልሰማም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ቁልፉ ለእንግዳ የሚያሳየኝ ዕቃው ሆንኩ። እንግዳ ሲመጣ ይጠራኛል። እምቢ ስለው «ዓይን አፋር ናት» ይልልኛል። ስንት ቀን ልቤን ሲያቃጥለው እንደኖረ! ሞት ልጄ ደጃፍ ድረስ መጥቶ ተመለሰ፤ እሱ ለሙሽሮች ተረት አደረገው። ይባስ ብሎ ማንደጃውን አልተወም።

አንድ ጠዋት ክፍሉን ሳጸዳ ብርድ አንገቴን ነካኝ። ዞር ብዬ አየሁ፤ በተሰበረው መስታወት ነፋስ ይገባል። እጄን ዘረጋሁበት። መዳፌን የሚገፋ ነፋስ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ አሰብኩት፤ ወር አልፎታል፣ መስታወቱ አልተተካም። ወርጄ ጠየቅሁት።

«አቶ አስማረ፣ መስታወቱን መቼ ያሠሩታል?»

«ጅል ነሽ እንዴ?» አለኝ። «ደህና መስታወት ለማየት ማን እዚህ ድረስ ይመጣል? ያ ቀዳዳ እኮ ከፊታውራሪው የበለጠ እንግዳ አምጥቶልኛል! ዙሪያውን በነሐስ ላስከብበው አስቤያለሁ።»

አስከበበውም። እኔም አፌን ዘጋሁ። ማንደጃው ይገባል፣ ነፋሱም ይገባል። እሱ እስከዋሸ ድረስ ቀዳዳው አይደፈንም። ከዚያ ወዲያ ሲጠራኝ ሄጄ እጅጌዬን እሰበስብ ነበር። ንቀቴ አልቀነሰም፤ እንዲያውም ጨመረ፣ ምክንያቱም አሁን እኔም አለሁበት።

እሱ ሲሞት ባለሀብቱ ከባሕር ዳር አንድ የሆቴል ሥራ የተማረ ወጣት ላከ። ገና ያላገባ፣ እጮኛ ያለችው፣ ጨዋ ልጅ ነው። «እትዬ» ይለኛል። ባለፈው ሳምንት ሜትር ይዞ ወደ ላይ ወጣና የመስኮቱን ቀዳዳ ይለካ ጀመር።

«ምን ልታደርግ ነው ልጄ?»

«መስታወት ላስገጥምበት ነዋ እትዬ። ብርድ ያስገባል፤ ደግሞ ያስጠላል።»

ሁሉንም ነገርኩት። ከሰሉን፣ የተደፈኑትን ቀዳዳዎች፣ ልጄን። ጥሩ አድርጎ ሰማኝ። «ልክ ነዎት፣ ከሰሉ ይቀራል» አለ። «የኤሌክትሪክ ማሞቂያ እናስገባለን።»

«መብራት ሲጠፋስ?»

«ሲጠፋማ» አለና አሰብ አደረገ። «ለጊዜው ከሰል አለ አይደል?»

«እንግዲያው ከላይ የተደፈኑትን አስከፍታቸው።»

«እነሱማ ግድግዳውን ያበላሹታል እትዬ» ብሎ ወደ ልኬቱ ተመለሰ።

እንደዚያ እያለን ከፍኖተ ሰላም የመጡ ሙሽሮች ደረጃውን ወጡ። ሙሽሪት ገና ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ቀዳዳውን አየችና «ይሄ ምን ሆኖ ነው?» አለች። ወጣቱ ይቅርታ ሊጠይቅ አፉን ከፈተ።

ቀደምኩት። መዳፌን ግድግዳው ላይ አሳረፍኩ። ከአፌ የወጣው ድምፅ የኔ አልነበረም፤ የሬዲዮው ነው።

«በዚህ ክፍል፣ በዚህ አልጋ ላይ፣ ሁለት ሙሽሮች በፍቅር ብዛት ራሳቸውን ስተው ወደቁ። ለሞት ሩብ ሰዓት ብቻ ቀርቷቸው ነበር…»

እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ሙሽሪት ጠባሳውን በጣቷ ነካችው። «ከዚያስ?» አለች።

«ከዚያማ» አልኩ። አቶ አስማረ እንኳ ያልደፈረውን ጨመርኩበት። «ከዚያማ የአገሩ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ገዘቱ። ይህን ቀዳዳ የደፈነ ሰው ትዳሩ አይሰምርም።»

ወጣቱ አየኝ። እኔም አየሁት። ሜትሩ ችር ብሎ ወደ ቤቱ ገባ፤ ኪሱ ከተተውና የሙሽሮቹን ሻንጣ አነሳ።